ቆርቆሮውን ከነፈቃዱ

ጥር 2018 ላይ ዩጋንዳ በጌም ዓለም ስሟ ናኘ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የናኘው ግን በመልካም አልነበረም። ቪአርቻት በሚባለው፣ ሰው የፈለገውን አካል ተላብሶ ከሌላው ጋር በሚገናኝበት ምናባዊ ዓለም ውስጥ፣ አጫጭርና ቀያይ ፍጥረቶች በመንጋ እየሆኑ ያገኙትን ሰው ይከብቡ ጀመር። ምላሳቸውን እያጮሁ፣ የአፍሪካ ሰው እንግሊዝኛ እንዲህ ነው ባሉት ዘዬ «መንገዱን ታውቃለህ ወይ?» እያሉ መፈናፈኛ ያሳጡታል። ስሙንም «ዩጋንዳዊው ናክልስ» አሉት። ገጸ ባሕርዩ የጃፓኑ የሴጋ ኩባንያ ንብረት ነው። ዩጋንዳዊ ያሰኘው ቀልድ ደግሞ ናብዋና አይ ጂ ጂ የተባለው የፊልም ሰው ካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ሠርቶ በ2010 ካወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ከተሰኘው ፊልም ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ምስሉን ባለ ሦስት አውታር አድርጎ የቀረጸው ሰው ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥም ዓለምን አዳረሰ። የሰው ማስቸገሪያ መሆኑ እሱንም እንደከነከነው በኋላ ተናግሯል፤ ያኔ ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቷል።

ስለ ዘረኝነቱ ብዙ ተብሏል። ብዙ ያልተባለበት ጉዳይ፣ ያ ምስል ለምን በዚያ ፍጥነት እንደተዛመተ ነው። ዝግጁ ነበር፣ ነጻ ነበር፣ ማንም ብድግ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ቅን ጌም ሠሪ ተነስቶ «እውነተኛዋን ካምፓላ ልሥራ» ቢል ኖሮ የካትዌን የዛገ ቆርቆሮ፣ የካጃንሲን ጡብ፣ በዝናብ የተረጨ ቀይ አፈር ያረፈበትን የግድግዳ እግር ከየት ያመጣ ነበር? ቀልዱ አንድ ፋይል ብቻ ማውረድ ይበቃዋል። ከተማዋን ለመሥራት ግን ቲኬት ቆርጦ ኢንቴቤ መውረድ ያስፈልጋል።

ይህ ችግር በተለይ ሞደሮችን ይነካል። ሞዲንግ ማለት ሌላ ሰው የሠራውን ጌም ከፍቶ እንደ ራስ ፍላጎት መለወጥ ነው፤ ሠሪው ሞደር፣ ውጤቱ ሞድ ይባላል። አንዱ አዲስ መኪና ይጨምራል፣ ሌላው ከተማውን ያፈርስና እንደገና ይገነባል፣ ሌላው የወታደሩን ልብስ ይቀይራል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 የወጣው «ባስ ሲሙሌተር ኢንዶኔዥያ» የተባለው የስልክ ጌም ተጫዋቹ አውቶቡሱን በራሱ ምስል እንዲያለብሰው ይፈቅዳል። የምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶችም በየቀኑ የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ፣ ከነመፈክሩና ከነቀለሙ፣ በጃቫ ደሴት መንገድ ላይ ሲያከንፉት ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሚቆመው ቴክስቸር በሚባለው ነገር ነው። በጌም ውስጥ ግድግዳ ባዶ ጠፍጣፋ ቅርጽ ነው፤ ግድግዳ የሚያደርገው ላዩ ላይ እንደ ግድግዳ ወረቀት የሚለጠፈው ፎቶ ነው። ዛሬ ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ምስል ቀለሙን ይይዛል፣ ሌላው ጎድጓዳውንና ጉብታውን፣ ሌላው የትኛው ቦታ እንደሚያብረቀርቅና የትኛው እንደሚፈዝ ይናገራል።

እነዚህን ፎቶዎች በጅምላ ሰብስቦ ማካፈል ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ፊል ብሮዳትዝ የተባሉት አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1966 የጡብ፣ የሣር፣ የአሸዋና የጨርቅ ፎቶዎችን በአንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ለሠዓሊዎች ተብሎ የታሰበው መጽሐፍ ኮምፒውተር ምስል እንዲለይ ለሚያስተምሩ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት መፈተኛ ሆኖ ኖረ። ፒክሳር በ1993 አንድ መቶ ሃያ ስምንት ቴክስቸሮችን በሲዲ አወጣ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ስሙን ለጠራ ሁሉ በነጻ ፈቀደው። ከእነዚህ ስብስቦች ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ግድግዳ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የዚህ ባዶነት ውጤት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተባለው ዝነኛ የስልት ጌም በ2015 «የአፍሪካ መንግሥታት» የሚል ጭማሪ ሲያወጣ ኢትዮጵያውያንን አስገባ፤ ዮዲትንም የዘመቻ ባለታሪክ አደረጋት። ብዙ የሀገር ልጅ ደስ ብሎት ተጫወተው። ቤቶቹን ልብ ብሎ ያየ ግን አንድ ነገር ይገርመዋል። የኢትዮጵያና የማሊ መንደሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከጭቃው ግድግዳ እንጨት ወጣ ወጣ ያለበት፣ ቲምቡክቱን የሚያስታውስ ሥነ ሕንፃ። የሰሜን ኢትዮጵያ የድንጋይ ካብ የለም። በክፋት የተደረገ አይደለም። ሠሪዎቹ ጊዜና ገንዘብ ቆጥበው ሁለቱን ሀገር በአንድ ልብስ ሸፈኗቸው። ዛሬ ማንም ሞደር ይህን ማረም ይችላል፤ የሚያጥረው እውቀት ሳይሆን የድንጋዩ ፎቶ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግልጽ ነው። የካምፓላ ፎቶ አንሺዎች፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና ተቋማት የከተማዋን ግድግዳ፣ ጣሪያና መሬት በብዛት አንስተው ለሞደሮች ቢለቁት ከብዙ የቱሪዝም ማስታወቂያ የበለጠ ሥራ ይሠራል። አለቃቀቁ ግን አሁን በየቴሌግራሙና በየፍላሹ እንደሚደረገው «ውሰዱ፣ ነጻ ነው» ብቻ ከሆነ ባይለቁት ይሻላል።

በመጀመሪያ ሀብቱን እንይ። ከካምፓላ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደው መንገድ ካጃንሲ ላይ ዩጋንዳ ክሌይስ የተባለው ፋብሪካ ከ1950 ጀምሮ ጡብና የጣሪያ ሸክላ ይሠራል፤ የዚያ ሸክላ ቅላት በከተማዋ ኮረብታዎች ላይ ተበትኖ ይታያል። ናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ ያለው ካቴድራል በቀይ ጡብ የተገነባ ነው። መሀል ከተማ ደግሞ የሕንድ ነጋዴዎች የሠሯቸው፣ ግንባራቸው ላይ የተሠሩበት ዓመት የተጻፈባቸው ሱቆች አሉ፤ ልስናቸው ሲረግፍ ከሥር ሌላ ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቀለም ይወጣል። ባለቤቶቻቸውን ኢዲ አሚን በ1972 ካባረራቸው ወዲህ ያለው ታሪክ በቀለሙ ንብርብር ላይ ይነበባል። ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ተልጦ፣ ጥርስ ባለው የእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ የሚወጣው የቡጋንዳ የቅርፊት ጨርቅም አለ። ዩኔስኮ በ2005 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል። ሸክላ የሚመስለውን ቀለሙንና የመዶሻው ጥርስ የተወውን ስስ መስመር ሌላ ጨርቅ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

አነሳሱ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የብረት ሠራተኞች ሰፈር የሆነችውን ካትዌን እንውሰድ። ፎቶ አንሺው አንድ የዛገ የቆርቆሮ አጥር መርጦ ባለቤቱን አስፈቅዷል እንበል። እኩለ ቀን ላይ ከቆመ ሥራው ከንቱ ነው። ካምፓላ የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ብርሃኑ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ጠርጎ ስለሚወርድ እያንዳንዱ ምስማር ረጅም ጥላ ይጥላል። ያ ጥላ ፎቶው ውስጥ ከቀረ በጌሙ ውስጥ ማታም ሆነ ጠዋት፣ ፀሐይ በየት በኩል ብትወጣ፣ እዚያው ተለጥፎ ይኖራል። ስለዚህ የሚጠበቀው ደመና ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት የዝናብ ወራት ሰማዩ እንደ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን እኩል ያከፋፍላል። ካሜራው በትሪፖድ ቆሞ ቆርቆሮውን ፊት ለፊት፣ ሳያዘነብል ያየዋል። ጥግ ላይ የቀለም መለኪያ ካርድና ሜትር ይደረጋል፤ ያለ ሜትር ሞደሩ የቆርቆሮውን ሞገድ ስፋት በግምት ይሠራና አጥሩ የአሻንጉሊት ቤት ይመስላል።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው ዋናው ትግል። ፎቶው ጎን ለጎን ሲደረደር መጋጠሚያው መታየት የለበትም፤ ስለዚህ ምስሉ በግማሹ ተገፍቶ ጠርዞቹ ወደ መሀል ይመጣሉ፣ ስፌቱም ይደመሰሳል። የሚያጋልጠው ግን ስፌቱ ብቻ አይደለም። ከአንድ ምስማር ሥር ወርዶ የደረቀ ረጅም የዝገት እንባ ካለ፣ ያ እንባ በየሁለት ሜትሩ ሲደገም የተጫዋቹ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ጥሩ ሠሪ እንባውን ከዋናው ምስል ያጠፋና ለብቻው፣ ሞደሩ በፈለገበት ቦታ እንዲያሳርፈው፣ በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል። በዝናብ ጊዜ ከመንገዱ እየተረጨ የግድግዳውን እግር የሚያቀላው አፈርም እንዲሁ ለብቻው መነሳት አለበት። ይህ ቀይ ቀሚስ የሌለው የካምፓላ ግድግዳ ካምፓላን አይመስልም፤ ማንም የውጭ ድርጅት ደግሞ አስቦ አያነሳውም።

ዛሬ ምስል የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች እያሉ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል አይጠፋም። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ካያቸው ፎቶዎች የተዋጣ ነገር ነው። ያልተነሳን ግድግዳ አላየውም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው፤ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። ጁዲ ጁራሴክ የተባሉት አሜሪካዊት በ1996 «ሰርፌስስ» የሚል የግድግዳና የወለል ፎቶዎች መጽሐፍ ከሲዲ ጋር አሳተሙ። በ2005 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሬዚደንት ኢቭል 4»ን አወጣ። ሴትዮዋ በሰኔ 2021 አሜሪካ ኮኔቲከት ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ቢያንስ 80 ፎቶዎቼ በካፕኮም ጌሞች ውስጥ ከ200 ቦታ በላይ ያለ ፈቃድ ገብተዋል ብለው ከሰሱ። የጌሙ ስም ላይ ያለው የተሰነጣጠቀ መስታወት ሳይቀር የእኔ ነው አሉ። ማስረጃቸውን ያጠነከረላቸው ደግሞ ሌባ ነው፤ በ2020 መጨረሻ የካፕኮም ኮምፒውተሮች በሰርጎ ገቦች ተጠቅተው ፋይሎቹ ሲፈሱ አንዱ ምስል በሲዲው ላይ ያለውን የፋይል ስም እንኳ ሳይለውጥ ተገኘ። ጉዳዩ በየካቲት 2022 በስምምነት ተዘጋ።

በዚያው ወር፣ የዚሁ ጌም ወዳጆች ለስምንት ዓመታት የደከሙበት ሞድ ተጠናቆ ወጣ። ስፔናዊው አልበርት ማሪንና ባልደረባው የድሮውን ጌም የደበዘዙ ቴክስቸሮች አንድ በአንድ እየለዩ፣ ዋናው ፎቶ የተነሳበትን ቦታ እያፈላለጉ፣ አውሮፓ ውስጥ ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎች ድረስ ሄደው እንደገና አነሱት። በነጻም ለቀቁት። ኩባንያው በሰው ፎቶ ሠርቷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ሞደሮቹ ያንኑ ድንጋይ ፊት ለፊት ቆመው አንስተውታል። ሕጉም ጥራቱም ወደ እነሱ የሚያደላ ይመስላል።

የካምፓላው ወጣት ከዚህ የሚማረው አለ። በፍላሽ የሚዞረው «አሥር ሺህ ቴክስቸር» የሚል ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከውስጡ አንዳንዱ ከታዋቂ የምስል መሸጫዎች የወረደ ነው፤ የእነዚህ ውል ደግሞ ምስሉን ጌም ውስጥ አስገብቶ መጠቀምን ይፈቅድና ምስሉን ራሱን እንደ ምስል ማከፋፈልን ይከለክላል። ሞድ ደግሞ ተፈጥሮው ማከፋፈል ነው፤ ማንም ከፍቶ ፋይሉን ያወጣዋል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ሞደር የዓመት ሥራው በአንድ የቅሬታ ደብዳቤ ይወርድበታል። በሚያዝያ 2015 ስቲም በተባለው የጌም መደብር ላይ የ«ስካይሪም» ጌም ሞዶች በገንዘብ እንዲሸጡ ሲፈቀድ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረው የዓሣ ማጥመድ ሞድ የሌላ ሰው ሥራ ስላለበት ወዲያው ተነሳ፤ ሽያጩም ራሱ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ።

የዩጋንዳ የ2006 የቅጂ መብት ሕግም ሆነ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶን ይጠብቃሉ። በዩጋንዳው ሕግ ጥበቃው ምስሉ ሲነሳ ይጀምራል፤ ማኅተም አያስፈልገውም። ስለዚህ ዝም ብሎ የተለቀቀ ፎቶ በሕግ ዓይን የተከለከለ ፎቶ ነው። አንሺው ቢሞት፣ ስልኩን ቢቀይር ወይም ኩርፊያ ቢገባው፣ ያንን ፎቶ ያመነ ሰው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ከጥቅሉ ጋር አንድ ገጽ የጽሑፍ ፈቃድ መኖሩ ልዩነቱ ይህ ነው።

የትኛው ፈቃድ? ክርክሩ እዚህ ይጦፋል። ብዙ ሰው በደመ ነፍስ የሚመርጠው «ለንግድ አይውልም» የሚለውን ነው። ደግ ይመስላል፤ ሞደርን ግን ያሽመደምደዋል። ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ላይ መልቀቅ ንግድ ነው ወይ? ተመልካች ለሠሪው ገንዘብ ቢልክለትስ? ማንም እርግጠኛ መልስ ስለሌለው ጠንቃቃው ይተወዋል፣ ደፋሩም እንደ ፈቀደው ያደርጋል። «ስሜን ጥቀሱ» የሚለው ይሻላል፤ ግን አምስት መቶ ቴክስቸር የያዘ ሞድ የአምስት መቶ ሰው ስም ዝርዝር ተሸክሞ መኖር አለበት። ክሪየቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት በ2009 ያወጣው ሲሲ ዜሮ የተባለው ፈቃድ ግን መብቱን ሙሉ በሙሉ ይተዋል፤ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሽጥ፣ ስሜን መጥቀስም ግዴታ የለብህም ይላል። ለግድግዳና ለመሬት ፎቶ ከዚህ የተሻለ የለም።

ይህን መንገድ ከጠረጉት አንዱ አፍሪካዊ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ዛል በሰማይ ብርሃን ፎቶዎች ጀምሮ፣ ቀጥሎ ቴክስቸር ጨምሮ፣ በ2021 ሁሉንም ፖሊ ሄቨን በሚል ስም አንድ አደረገው። ያለው ሁሉ በሲሲ ዜሮ ነው። ወጪው የሚሸፈነው በየወሩ በፈቃዳቸው በሚያዋጡ ደጋፊዎችና ስፖንሰሮች ነው፤ የሚያወርደው ሰው አይከፍልም፣ አይመዘገብም። የደቡብ አፍሪካ ድንጋይና ቁጥቋጦ ዛሬ በየሀገሩ ፊልምና ጌም ውስጥ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

«ነጻ ስጡ የሚባለው ሁልጊዜ ድሃው ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። ካሮል ሃይስሚዝ የተባሉት አሜሪካዊት ከ18,000 በላይ ፎቶዎቻቸውን ለሀገራቸው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ሰጡ። በኋላ የራሳቸውን ፎቶ በራሳቸው ገጽ በመጠቀማቸው 120 ዶላር ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። በ2016 ፎቶ ሻጩን ጌቲ ኢሜጅስንና ሌሎችን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዋናውን የቅጂ መብት ክርክር ውድቅ አደረገው። ለሕዝብ የተሰጠን ነገር ማንም መሸጥ ይችላልና። የሚያናድድ ነው። ሆኖም የካትዌን ቆርቆሮ አንድ ኩባንያ ቢሸጠውም ከሌላው አይቀንስም፤ ዋናው ፋይል እዚያው በነጻ አለ። የከፋው አማራጭ ሌላ ነው። ኩዊክስል የተባለው የስዊድን ድርጅት የዓለምን ድንጋይና ቅጠል በስካነር ሰበሰበ፤ በኅዳር 2019 ኤፒክ ጌምስ ገዛውና የራሱን የጌም መሥሪያ ለሚጠቀሙ በነጻ ለቀቀው። ሰው ሁሉ ለመደው። በጥቅምት 2024 ፋብ ወደተባለው መደብር ተዛወረ፣ ከዓመቱ መጨረሻም በኋላ ዋጋ ተለጠፈበት። በኩባንያ ቸርነት የተሰጠ ነገር በኩባንያ ውሳኔ ይመለሳል፤ በሲሲ ዜሮ የተሰጠ ግን አይመለስም።

ፎቶ አንሺው ግን መብላት አለበት። ስለዚህ ሥራው ተከፍሎበት ይሠራ፣ ውጤቱ ነጻ ይሁን። ከፋዩ ተቋም ነው። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ማርጋሬት ትሮዌል በ1937 የጀመሩት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለው፤ ተማሪዎቹ ካሜራ ያውቃሉ፣ ከተማዋንም ያውቃሉ። የዩኒቨርሲቲው ነጭ ዋና ሕንፃ በመስከረም 2020 በእሳት ሲጋይ የግድግዳና የጣሪያ ዝርዝር ፎቶ ምን እንደሚጠቅም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። በፎቶ ማካፈል በኩልም ካምፓላ ጀማሪ አይደለችም። ሂስትሪ ኢን ፕሮግረስ ዩጋንዳ የተባለው ሥራ ከ2011 ጀምሮ የድሮ ዩጋንዳውያን ፎቶ አንሺዎችን ስብስብ ከየቤቱ እየፈለገ ዲጂታል አድርጎ ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል። የዩጋንዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን መዝገብ ቤት ውስጥ በ2015 የተገኙት 70,000 የኢዲ አሚን ዘመን ኔጋቲቮችም በከፊል ተገልብጠው በ2019 በዩጋንዳ ሙዚየም ታይተዋል።

ሁሉም ነገር ግን ለሁሉም አይሰጥም። ካሱቢ ኮረብታ ላይ ያለው የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር፣ በ1882 የተሠራው ትልቁ የሣር ቤት፣ መጋቢት 16 ቀን 2010 ተቃጠለ። ቤን ካሲራ ያቋቋሙት ሳይአርክ የተባለ ድርጅት ከአንድ ዓመት በፊት በ2009 በሌዘር ለክቶት ነበር፤ መረጃውም ለመልሶ ግንባታው የሚጠቅም ሆነ። የጣሪያው ውስጥ ክቦች 52 ናቸው፣ የ52ቱ ጎሳዎች ምልክት። ያ ጣሪያ የዞምቢ መግደያ ጌም ውስጥ ቢገባ ማን ያቆመዋል? ሲሲ ዜሮ ከተጻፈበት ማንም። ስለዚህ መቃብሩ፣ ቤተ መቅደሱ፣ የሰው ፊት ከዚህ ጥቅል ውጭ ይሁኑ፤ ባለቤቶቻቸው ተጠይቀው፣ ሌላ ውል ይጻፍላቸው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዝርዝር ለክቶ መዝግቧል፤ ያ መረጃ እንደ ካትዌ ቆርቆሮ በየፍላሹ ይዙር የሚል ሰው አይገኝም።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ብዙ የካምፓላ ሱቆች በስልክ ኩባንያዎች ቢጫና ቀይ የተቀቡ ናቸው። ፎቶው የአንሺው ነው፤ ምልክቱ ግን የኩባንያው። ሲሲ ዜሮ የንግድ ምልክትን አይነካም። ግድግዳው ላይ ሠዓሊ የሳለው ሥዕል ካለም መብቱ የሠዓሊው ነው። ቢጫው ይቆይ፣ አርማው ይደምሰስ።

የመጨረሻው እንቅፋት ክብደት ነው። የ4ኬ ምስል የሚባለው 4,096 በ4,096 ነጥብ ነው፤ ሳይታመቅ ሲዘረጋ 64 ሜጋባይት ይይዛል፣ ለአንድ ግድግዳ ደግሞ እንዲህ ያለ አራት አምስት ምስል ያስፈልጋል። ያው ምስል ወደ 1,024 ሲወርድ 4 ሜጋባይት ይሆናል። ዩጋንዳ በ2018 ማኅበራዊ ሚዲያ ለሚጠቀም በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለች፤ በሐምሌ 2021 ያንን ትታ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ጫነች። በዚህ ዋጋ ሙሉውን ጥቅል የሚያወርደው ካምፓላ ያለው ልጅ ሳይሆን ስቶክሆልም ያለው ነው። ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ሲያድግ እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅመው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት፤ ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። እዚያው ሆኖ «ሰላም» የሚል ጌም ሠራ፣ በ2018 በዓለም አቀፍ የጌም ሽልማት መድረክ ላይ ተከበረ። ጥቅሉ የሚዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሆነ ትንሹ መጠን በፊት፣ ትልቁ በኋላ ይቅረብ፤ ሙሉው ደግሞ በሃርድ ዲስክ ማኬሬሬ ይቀመጥና ፍላሽ ይዞ የመጣ ይገልብጥ። ጥቅሉ የሚቀመጥበት ቦታም አንድ ብቻ አይሁን። ፌስቡክ በጥር 2021 ምርጫ ሰሞን ዩጋንዳ ውስጥ ተዘግቶ ለዓመታት ቆይቷል፤ የፎቶ ሀብቱን እዚያ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ከገዛ ሀገሩ ሰዎች ተቆራርጧል።

አዲስ አበባም ከዚህ ነጻ አይደለችም። የፒያሳ የድሮ ሱቆችና ቤቶች በ2024 መጀመሪያ በሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ የእንጨት በረንዳቸው፣ የጭቃ ልስናቸውና በጸሐይ የነጣ ቀለማቸው አብሮ ሄደ። ትዝታ የሚቀሰቅሱ ፎቶዎች ሞልተዋል። ከደመና በታች፣ ፊት ለፊት፣ ሜትር ተቀምጦ የተነሳ፣ ሞደር ሊሠራበት የሚችል ፎቶ ግን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ካምፓላ ውስጥ ካባላጋላ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተሰብስበው የሚጫወቱ ልጆች አያጡም፤ ከሁለቱም ከተማ የሚያውቁትን ግድግዳ ጠርተው አይጨርሱም።

ለመጀመሪያው ጥቅል ብዙ አያስፈልግም። ሃምሳ ቴክስቸር ቢሆን ይበቃል፤ ቆርቆሮ በአዲስነቱና በዝገቱ፣ የካጃንሲ ጡብ፣ ደረቅና እርጥብ ቀይ አፈር፣ የሕንድ ዘመን ልስን፣ የታክሲ መናኸሪያ አስፋልት ከዘይት ጠብታው ጋር፣ የቅርፊት ጨርቅ ደግሞ ከሚቀጠቅጡት ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ። ከእያንዳንዱ ጋር የት፣ መቼ፣ በምን ስፋት እንደተነሳ በሉጋንዳና በእንግሊዝኛ አንድ መስመር፣ ከሁሉም ጋር የፈቃዱ ገጽ። የማኬሬሬ ተማሪዎች ነሐሴ ላይ ይገባሉ፤ ደመናው ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል።